ሁለተኛው ቀዳዳ

ታላቅየው ታናሹን ሁለት ጊዜ ወጋው። ሁለት ጊዜ መሆኑን ልብ በሉ፤ መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ረፋድ ላይ ነበር። ስጋ ቤቱ ከፊት ለፊት በደንበኛ ጢም ብሏል። ከኋላ፣ ስጋው በሚሰቀልበት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ ታናሽየው አንድ ሙሉ የበሬ ታፋ ተሸክሞ ሜንጦው ላይ ሊሰቅል እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቷል። ይሄ ልጅ ሲወለድ ክብ ስለነበር ድንቡሼ አሉት፤ ሠላሳ ዓመት አልፎትም ክብነቱ አልለቀቀውም፤ በር ሲገባ በጎኑ ነው የሚገባው። ታላቅየው ከኋላው መጣና አጥንት መፍቻዋን ቀጭን ቢላዋ በግራ ብብቱ ሥር ሰክቶ ነቀላት። ድንቡሼ ስጋውን ለቀቀ፤ ዞረ፤ «ምን ሆነሃል?» ብሎ ሳይጨርስ ሁለተኛው ብሽሽቱ ላይ ገባ። ደሙ የተበሳ ቧንቧ ይመስል ግድግዳው ላይ ተረጨ።

ይህን ሁሉ እናትየዋ በዓይኗ በብረቱ አየችው። ታላቅየውን ሰድባ ስላልወጣላት፣ ልትጨምርለት ተከትላው ገብታ ነበር።

እናትየዋን ሰፈሩ ፊት ለፊት «እማማ»፣ ከጀርባዋ «ምላጭ» ይላታል። ፊደል አልቆጠረችም፤ የቆጠሩትንም አይታ አልቀናችም። ባሏ ሁለት ወንድ ልጅና አንድ ስጋ ቤት ትቶላት ሲሞት፣ ሁለቱንም ልጆች ስጋ ቤቱንም ያቆመችው በቢላዋና በምላሷ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ምላሷ ቀድሞ ሠራ። ታላቅየው ብልት ሲያወጣ ሽንጡን ቆራርጦ አበላሸባት። ደንበኛው ሁሉ ቆሞ በሚሰማበት፣ «አንተ እጅህ የአናጢ ነው! ቢላዋውን ለታናሽህ ስጥና አንተ አጥንት ተሸከም!» አለችው። ሰው ሳቀ። ታላቅየው አርባ ዓመት የሞላው፣ የልጆች አባት ነው። ቢላዋውን አልሰጠም፤ ይዞት ወደ ኋላ ገባ።

አሁን ድንቡሼ ወለሉ ላይ ተዘርሯል። እናትየዋ አልጮኸችም፤ ጩኸት የምታውቅ ሴት አይደለችም። ቀሚሷን ሰብስባ ጉልበቷን ብሽሽቱ ውስጥ ተከለችና ባለ በሌለ ኃይሏ ተጫነችው። ዋናው የደም ስር በየት በኩል እንደሚወርድ ከስንት ሺህ በሬ ተምራለች፤ ሰውም ከበሬ ብዙ አይለይም። ታላቅየው ቢላዋውን እንደያዘ ቆሟል።

«ጣለው!» አለችው። ጣለው። ብድግ ብላ በጥፊ አጮለችውና ተመልሳ ተንበረከከች። «ተሸከመው እንግዲህ! የገደልከውን ተሸከም!»

ተሸከመው። ያን የሚያህል ሰው እንደ በግ ትከሻው ላይ ጣለው። ደንበኛው ደሙን ሲያይ እየተረጋገጠ ወጣ፤ አንዷ ጫማዋን ጥላ ሄደች። እናትየዋ መንገድ እያስለቀቀች፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ቢላዋ አምልጦት ነው! ራሱን ወግቶ ነው! ወግዱ!» አለች። ከአፏ እንዴት እንደወጣ እሷም አታውቅም። አንዴ ከወጣ በኋላ ግን ደህና ነገር መሰላት።

በስጋ መጫኛዋ መኪና ነው የሄዱት። ታላቅየው ይነዳል፤ እሷ ከኋላ ብረቱ ላይ ድንቡሼን ጉልበቷ ሥር አድርጋ እየተንገጫገጨች ነው። ያኔ ነው የብብቱን ቀዳዳ ደህና አድርጋ ያየችው። ጣት የምታስገባ፣ ቀጭን ደም የምታነባ ትንሽ ቀዳዳ ናት። ከብሽሽቱ ጋር ስትተያይ የትንኝ ንክሻ ነው የምትመስለው። እናትየዋ አሰበች። ብልት የሚያወጣ ሰው ቢላዋውን ወደ ራሱ ነው የሚስበው፤ አምልጦት ብሽሽቱን የሚያገኘው ብዙ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሐኪም የለም። ብብቱን ግን ማን ራሱን ይወጋል? አንዷ ቀዳዳ አደጋ ናት፤ ሁለቱ ግን ወንጀል ናቸው። ሻሿን ከራሷ ላይ መዥርጣ ጠቀለለችና ብብቱ ውስጥ ወተፈችው፤ ክንዱንም ጎኑ ላይ ለጥፋ ዘጋችበት።

«ስማ!» ብላ የሹፌሩን መስኮት በጡጫ ደበደበችው። «ራሱ ነው የወጋው! አጥንት ሲፈታ! ሰማህ?»

«ብብቱስ?» አለ ታላቅየው ሳይዞር።

«የምን ብብት?»

ታላቅየው ማርሽ ቀየረ።

«የምን ብብት ነው የምትለኝ? አንዱ ሊሞትብኝ ነው፣ አንዱ እስር ቤት ሊበሰብስብኝ ነው? ሁለታችሁንም በአንድ ጀምበር ልጣ? ንዳ!»

ድንገተኛ ክፍሉ ሲደርሱ ጉድ ፈልቷል። ያን ዕለት ጠዋት አንድ አውቶብስ ተገልብጦ አልጋው አልበቃ ብሎ ሰዉ ወለሉ ላይ ተደርድሯል። አንዱ ያቃስታል፣ አንዷ ልጇን ትጣራለች፣ አንዱ ሰውዬ የተሰበረ እግሩን አቅፎ መዝሙር ይዘምራል። ጢማም ሐኪም ደም የነካው ጫማውን እያንሸራተተ መጣ። ሱሪውን በመቀስ ቀደደው፣ የእናትየዋን ጉልበት አነሳ፣ ደሙ ፊቱ ላይ ሲረጨው መልሶ በጡጫው ደፈነው።

«ማን ነው እንዲህ ይዞ ያመጣው?»

«እኔ።»

«ጎበዝ ነዎት እማማ።»

«ጎበዝ በለኝ መቼ አልኩህ? ልጄን አድንልኝ።»

«ምን ሆኖ ነው?»

«ስጋ ቤት ነው የሚሠራው። አጥንት ሲፈታ ቢላዋው አመለጠው።»

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ፤ አይቶ የሚያውቀው ነገር ነው። ቁስሉን በፋሻ ጠቅጥቆ ዘወር ሲል ታላቅየውን አገኘው። «አንተ ምኑ ነህ?»

«ወንድሙ።»

«ጉልበት አለህ? ና፣ በሁለት እጅህ ተጫነው። ከለቀቅከው ይሞታል።»

ታላቅየው መጥቶ፣ በገዛ እጁ የቀደደውን በገዛ እጁ ደፍኖ ቆመ። ላቡ ከግንባሩ ወንድሙ ሆድ ላይ ይንጠባጠባል።

ነርሷ ያኔ ነው የመጣችው። ቀጭን፣ አጭር፣ መነጽሯ በፕላስተር የተጠገነ። ሐኪሙ ገና፣ «ደም ስር ክፈቺለት፣ ደም አምጡ፤ ሁለት ጊዜ ሞክረሽ እምቢ ካለሽ ጊዜ አታጥፊ፣ አጥንቱን ብሺ» ሲላት ከወዲያኛው ጥግ «ልቡ ቆመ!» የሚል ጩኸት መጣና እየሮጠ ሄደ።

ነርሷ የግራውን እጅጌ ቀድዳ ላስቲኳን ክንዱ ላይ አሰረች። የድንቡሼ ነጭ የስጋ ቤት ጋዋን ከአንገት እስከ ጉልበት በደም ጨቅይቷል።

«ይሄ ሁሉ ደም ከየት ነው?»

«የበሬ ነው» አለች እናትየዋ። «ስጋ ቤት ነው የሚሠራው አልኩሽ እኮ።»

አብዛኛው የበሬ ነበር። ነርሷም አመነቻት።

ክንዱን መታ መታ አደረገችው፤ ዳሰሰችው፤ ጫን አለችው። ምንም የለም። ሲሞላለት እንኳ ከስብ በታች የሚደበቅ ደም ስር ነው፤ አሁን ደግሞ ደሙ አልቆ እንደ ባዶ ካልሲ ተኝቷል። ወጋችው። መርፌዋን ወደ ግራ አዞረች፣ ወደ ቀኝ አዞረች። ነቀለቻት። ወደ ቀኙ እጅ ዞረች፤ የቀኙ ከእጅ አንጓው እስከ ትከሻው የተጨማደደ የእሳት ጠባሳ ነው፤ ቆዳው እንደ ጫማ ሶል ደርቋል። አምስት ዓመቱ ሳለ ታላቅየው የፈላ ውሃ ደፍቶበት ነው። ያኔም ሐኪሞች ሲጠይቁ እናትየዋ «ድስት ተገለበጠበት» ብላ ነበር። መርፌዋ ጠባሳው ላይ ታጠፈች።

«ሁለት» አለች እናትየዋ።

«እማማ፣ ፈቀቅ ይበሉ፤ ብርሃን ጋረዱኝ።»

«ብርሃን ምን ያደርግልሻል፣ እጅ ከሌለሽ! እኔ በጨለማ የበሬ ኩላሊት አወጣለሁ።»

«የሞተ በሬ ኩላሊት ማንም ያወጣል።»

«ምን አልሽ አንቺ ቢንቢ?»

«የሞተ በሬ ነው አልኩ! ይሄ ሕያው ነው፤ ይተዉኝ፣ ልሥራበት!»

ነርሷ ከትሪዋ አንድ ሌላ ነገር አነሳች። ወስፌ የሚመስል፣ አናቱ ላይ መዳፍ የሚሞላ መያዣ ያለው ወፍራም መርፌ ነው። እናትየዋ አየችውና እጇን አፈፍ አደረገቻት።

«ምንድን ነው?»

«ደም ስሩ እምቢ ብሏል። ቅልጥሙን በስቼ በአጥንቱ በኩል ነው የምሰጠው።»

«የልጄን አጥንት?»

«አዎ።»

«እኔ እዚህ ቆሜ የልጄን አጥንት ልትበሺ! አንቺን እበሳሻለሁ! ሥራሽን ስላላወቅሽበት ልጄን እንደ ሣንቃ ልትሰረስሪው ነው? ክንዱ ይሄው፣ ክንድ አይደለም? ፈልጊ!»

ታላቅየውም ከወዲያ፣ «ብትነኪው እገድልሻለሁ!» ብሎ ዛተ። ነርሷ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየች። ዘበኛውን ብትጠራ ዘበኛው አውቶብስ የተገለበጠባቸውን ሰዎች ዘመዶች በር ላይ እየገፋ ነው። ደግሞም እልህ ያዛት፤ ሴትየዋ «እጅ የለሽም» ብላታለች። ወስፌውን አስቀምጣ ወደ ግራው ክንድ ተመለሰች። ጥፋተኛው ማን ነው ካላችሁ ሁለቱም ናቸው።

ሦስተኛውን ክርኑ ላይ ወጋች። አራተኛውን የእጁ ጀርባ ላይ፤ ቆዳው አብጦ ሰማያዊ ሆነ። ድንቡሼ ከንፈሩ አመድ መስሏል፤ ከእንግዲህ አያቃስትም። አምስተኛውን በክንዱ ውስጠኛ በኩል፣ ከስቡ ሥር፣ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ጫፍ ብቻ እየፈለገች ወጋች። መርፌዋ ጭራ ላይ ጥቁር ደም ብቅ አለ።

«ገባ!» አለች ነርሷ።

«ቅድም እንዲህ አትሠሪም ነበር?» አለች እናትየዋ። ይህ ከእሷ አፍ ምስጋና ነው።

ደም መጣ። ነርሷ ከረጢቱን ሰቅላ፣ አልፈጥን ሲላት አውርዳ እናትየዋ መዳፍ ላይ አኖረችው። «ይጭመቁት። በደንብ፣ በኃይል። በእጅዎ ነው የሚገባው።»

እናትየዋ ጨመቀች። የእሷ መዳፍ የዋዛ አይደለም። ከረጢቱ በዓይን እያዩት ጎደለ። ደሙ በቀጭኑ ቱቦ እየሮጠ ልጇ ክንድ ውስጥ ገባ። ቀና ብላ ታላቅየውን አየችው፤ እሱም አያት። ለአፍታ የሁለቱም ልብ መለስ አለ። ድንቡሼ ይድናል፣ ነገሩ አደጋ ተብሎ ይቀራል፣ ነገ ስጋ ቤቱ ይከፈታል።

ነርሷ የደም ግፊቱን ለካች። ስልሳ። ሌላ ከረጢት አመጣች። እናትየዋ ጨመቀች። ግፊቱ ሃምሳ ሆነ።

«ይሄ ነገር እየወረደ ነው» አለች ነርሷ። «አንተ፣ ለቀቅ አድርገኸዋል እንዴ?»

«አለቀቅኩም!» አለ ታላቅየው። እውነቱን ነው፤ ብሽሽቱ ላይ ያለው ፋሻ ደርቋል።

«ታዲያ ወዴት ነው የሚሄደው?»

ጠብ።

እናትየዋ ወደ ታች አየች። ከአልጋው በግራ በኩል፣ እሷ የድንቡሼን ክንድ ከለጠፈችበት ጎን፣ ደም ወለሉ ላይ ይወርዳል። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። እሷ ከረጢቱን ስትጨምቅ ይፈጥናል፤ ስታቆም ቀስ ይላል። የበሬው ደም ጠዋት ነው የደረቀው። እንዲህ ሞቆ የሚንጠባጠብ አይደለም። በእጇ የምታስገባው በብብቱ እየወጣ ነው። መርፌዋ የተተከለችው ቀዳዳው ባለበት በዚያው ክንድ ላይ ነው፤ ልጇን በገዛ እጇ እየጨመቀች እያፈሰሰችው ነው።

ታላቅየውም አየው። ዓይኑን ዓይኗ ላይ ተከለና በጣም ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እንዳትናገሪ ማለቱ ነው።

እናትየዋ ሁለት ጊዜ ደግማ ጨመቀች። ይህን ማንም አላየባትም፤ እሷ ግን አድርጋዋለች፤ ሁለት ጊዜ። ያን ሁለት ጊዜ ያህል ሁለቱንም ልጆቿን እንደያዘች ልትቀር ሞከረች። ከዚያ ከረጢቱን ለቀቀችው።

«ብብቱ ሥር ሌላ አለ» አለች።

«ምን ሌላ?»

«ቀዳዳ! ሻሼን ወትፌበታለሁ። ራሱን አልወጋም። ሁለት ጊዜ ነው የተወጋው።» በአገጯ ወደ ማዶ ጠቆመች። «ይሄ ነው የወጋው።»

ታላቅየው እጆቹን ከብሽሽቱ አነሳ።

ደሙ ፈንድቶ ነርሷን መነጽሯ ላይ መታት። ታላቅየው አልጋውን ተሻግሮ መጣ፤ ዞሮ አይደለም፣ በወንድሙ ሆድ ላይ ተሻግሮ። እናቱን አፏ ላይ በቡጢ መታት። ሁለት የፊት ጥርሶቿ እዚያው ወለቁ። በጀርባዋ ወደቀች፤ የደሙ ከረጢት ሥሯ ሆኖ ፈነዳ።

«እናት ነሽ አንቺ? እናት ነሽ?» እያለ በእርግጫ ጎኗን ይላታል። «ጠዋት አዋረድሽኝ! አሁን ደግሞ ሸጥሽኝ!»

ዘበኛው በሩን ትቶ እየሮጠ መጣ። ታላቅየው ጉሉኮስ የሚሰቀልበትን ብረት ነቅሎ ትከሻው ላይ አሳረፈበት፤ አጥንቱ ሲሰበር እነዚያ ሁሉ እያቃሰቱ ያሉ ሰዎች ሰሙት። ዘበኛው ተንበረከከ። ብረቱ ሁለተኛ ጊዜ ወደ ላይ ሲነሳ፣ የሚወርደው ነርሷ ራስ ላይ ነበር። እሷ አላየችውም። አልጋው ላይ ዘላ ወጥታ በሁለት ጉልበቷ ብሽሽቱን ተጭና፣ «ዶክተር! ዶክተር!» እያለች ትጮኻለች።

እናትየዋ ጥርሷን ተፋች። በሬ እንዴት እንደሚጣል ታውቃለች፤ በጉልበት አይደለም፣ በአያያዝ ነው። ተንፏቃ የታላቅየውን ቁርጭምጭሚት በሁለት እጇ ያዘች፣ ትከሻዋን ከጉልበቱ ጀርባ አስገባችና ወደ ጎን ጠመዘዘችው። ሰባ ኪሎ የማትሞላ አሮጊት ያን ግንድ ጣለችው። ጭንቅላቱ ወለሉ ላይ ሲያርፍ ብረቱ ከእጁ ተፈናጥሮ አልጋ ሥር ገባ። ሊነሳ ሲል፣ ያ እግሩ ተሰብሮ መዝሙር ሲዘምር የነበረው ሰውዬ ከተኛበት ተንከባሎ ደረቱ ላይ ወጣበት። ሌሎችም ተደረቡበት። አንዱ ጡጫ፣ አንዱ ክርን፣ አንዷ በጫማ፤ ሰዉ ከጠዋት ጀምሮ የሚመታው ነገር ሲፈልግ የቆየ ይመስል ነበር።

«አትግደሉት!» አለች እናትየዋ በደም የተሞላ አፏ። «ያዙት እንጂ ማን ግደሉት አለ?»

«እማማ!» ነርሷ ናት። «ይምጡ፣ እዚህ ይንበርከኩ! ፍጠኚ አንቺ ሴትዮ!»

እናትየዋ አልጋው ላይ ወጥታ ጠዋት የነበረችበት ቦታ ላይ ተንበረከከች። ጢማሙ ሐኪም ደርሶ የድንቡሼን ክንድ ወደ ላይ ቀና አደረገው፣ በደም የራሰውን ሻሽ መዘዘው፣ ወዲያው ጣቶቹን እስከ አንጓቸው ቀዳዳው ውስጥ ቀረቀረ።

«ዋናው የደም ስር ነው የተበጠሰው» አለ። «በዚህ ክንድ የምትሰጡት ሁሉ መሬት ላይ ነው ያለው። ምን ያህል ሰጣችሁት?»

«ሁለት ከረጢት» አለች ነርሷ።

«ሁለቱም የሉም። መርፌውን ንቀይው። የቀኝ እግር፣ ቅልጥም። አሁን!»

ነርሷ ወስፌዋን አነሳች። የመነጽሯ አንዱ መስታወት ቀይ ነው። ከጉልበቱ በታች በውስጥ በኩል ጠፍጣፋውን አጥንት በአውራ ጣቷ ዳስሳ ጫፏን ተከለች። ቆማ ቀረች።

«ግፊያ!» አለቻት እናትየዋ። «ምን ትሽኮረመሚያለሽ፣ አጥንት ነው እንጂ ሙሽራ አይደለም!»

«ቅድም እንዳልነካ ያደረጉኝ…»

«ቅድም ውሸታም ነበርኩ! ግፊ!»

ነርሷ ጥርሷን ነክሳ ገፋች፤ እያዞረች፣ በሙሉ ክብደቷ፣ ክርኗን ቆልፋ። ደረቅ እንጨት ሲበሳ የሚሰማው ድምፅ ወጣ። እናትየዋ በዕድሜዋ ስንቱን ቅልጥም በመጥረቢያ ፈልጣለች፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ጆሮዋ ገብቶ አያውቅም። ዓይኗን ግን አልነቀለችም። ከዚያ አጥንቱ በድንገት እጅ ሰጠና ወስፌዋ ጠቅ ብላ ገባች። ነርሷ የውስጡን መርፌ መዝዛ ሲሪንጅ ሰክታ ስትስብበት ቀይ ወፍራም ነገር መጣ።

«መቅኒ» አለች እናትየዋ። ይህንን ማንም ሊነግራት አያስፈልግም። መቅኒ ደም እንደሆነ፣ ሁሉ ነገር አልቆ እንኳ እሱ እንደማይጠፋ፣ አጥንት የፈለጠ ሰው ሁሉ ያውቃል። «እሱ ነው። በእሱ ስጪው።»

ነርሷ አንድ ሲሪንጅ ሙሉ የጨው ውሃ በአንድ ትንፋሽ አጥንቱ ውስጥ ገፋችው።

ድንቡሼ ጮኸ።

ከሆዱ አይደለም፣ ከደረቱም አይደለም፤ ከዚያው ከአጥንቱ የመጣ ጩኸት ነው። የሚያቃስተው ሁሉ ቀና አለ። ሰዎች ሥር የተቀበረው ታላቅየው እንኳ መታገሉን አቆመ። ድንቡሼ ያን ጠባሳ የሸፈነውን ቀኝ ክንዱን አወናጭፎ ነርሷን ጆሮ ግንዷ ላይ መታት፤ መነጽሯ ግድግዳ ጋ ደርሶ ተሰበረ።

ነርሷ ጉንጯን ይዛ ሳቀች። «ይማታል!» አለች። «ዶክተር፣ ይማታል!»

«ያማል እንዴ?» አለች እናትየዋ።

«በጣም። አጥንት ውስጥ ሲገፋ ከመውጋቱ ይብሳል።»

«ይመመው። ጨምሪለት።»

አዲስ ከረጢት መጣ። እናትየዋ ጉልበቷ ብሽሽቱ ላይ፣ እጇ ከረጢቱ ላይ ሆኖ ጨመቀች። ሐኪሙ ጣቶቹን ከብብቱ ሳያወጣ ወለሉን አየ። ጠብ አይልም። ግፊቱ ሃምሳ፣ ስልሳ፣ ሰባ አምስት። አልጋውን እነሱ ላዩ ላይ እንዳሉ፣ እናቱ ጉልበቷን ሳታነሳ፣ ሐኪሙ ጣቱን ሳያወጣ፣ ነርሷ በባዶ ዓይኗ ደሙን ይዛ እየገፉ እስከ ቀዶ ጥገናው በር ወሰዱት። እዚያ ሲደርሱ እናትየዋን አወረዷት። በሩ ተዘጋ።

ፖሊሶች መጥተው ታላቅየውን በካቴና አስረው ግቢው ውስጥ መኪናቸው አጠገብ አቁመውታል። አንዱ ዓይኑ ተዘግቷል፤ አፍንጫው ጠሟል። እናትየዋ ጎኗን ይዛ እያነከሰች ወደ እሱ ሄደች።

«መጣሽ?» አላት። «ገድለሽኝ ልታይኝ?»

«የምን ገደልኩህ? ትቆማለህ፣ ትተነፍሳለህ፣ ትሳደባለህ።»

«ለእሱ ስትዪ።»

«አዎ፣ ለእሱ ስል። የሚሞተው እሱ ነበራ።» ጥርሷ ስለሌለ ቃሉ ሁሉ በፉጨት ነው የሚወጣው፤ እሷ ግን አላፈረችበትም። «በሰው ፊት ያዋረድኩህ እኔ ነኝ። ይህንንም እነግራቸዋለሁ፤ አንዱንም አልደብቅም። ቢላዋውን ግን እኔ አላስጨበጥኩህም።»

«ዝም ብትዪ ኖሮ…»

«ዝም ብል አንዱን ቀብሬ ገዳዩን ቤቴ አስቀምጬ ላበላ ነበር። ከየት አባቴ አመጣለሁ ያን የሚችል ሆድ?»

ታላቅየው ደም የተቀላቀለ ምራቁን እግሯ ሥር ተፋ። ፖሊሱ ወረቀቱን አውጥቶ፣ «እማማ፣ የት የት ነው የወጋው?» አላት። እሷም የልጇን ዓይን እያየች፣ ቀስ ብላ፣ አንድ ጣቷን በገዛ ግራ ብብቷ ሥር ተከለች። «መጀመሪያ እዚህ። ከኋላ፣ እጁን አንስቶ ሳለ።» ከዚያ ብሽሽቷን ነካች። «ቀጥሎ እዚህ።» ታላቅየው ራሱን ደፋ። መኪናው ይዞት ሄደ፤ «እማ!» ሲል ሰማችው፣ አንዴ ብቻ። እግሯ ሊከተል ብሎ አንድ እርምጃ ሄደና ቆመ።

ቀዶ ጥገናው ከሰዓት በኋላ ነው ያለቀው። ሐኪሙ ወጥቶ፣ «ተርፏል። የግራ እጁ ግን እንደ ድሮው አይሆንም፤ የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ተቆርጧል» አላት።

«ቢላዋ ይይዛል?»

«አይመስለኝም።»

«እሺ» አለች። «የሚይዝ እኔ አለሁ።»

ሲመሽ አስገቧት። ድንቡሼ ቱቦ በቱቦ ሆኖ በጀርባው ተኝቷል፤ ቅልጥሙ ላይ ወፍራም ፋሻ ተጠምጥሟል። ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ያየው አፏን ነው።

«ጥርስሽስ?» አላት በሌለ ድምፁ።

«ወለቀ።»

«ወንድሜስ?» አላት።

መዋሸት ትችል ነበር። አፏ ለምዶታል። «አሳሰርኩት» አለችው።

ድንቡሼ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷ በርጩማውን ስባ ተቀመጠች፣ ደረቱ ከብርድ ልብሱ ሥር ከፍ ዝቅ ሲል እያየች። እሱ ይበቃት ነበር፤ ባይበቃትም ሌላ የላትም።